የማኪያቶ ወተት አረፋ አልይዝ አለኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ወስጄ ላስመርምረው?

ቡና_በወተት

ሰላም ናችሁ? ነገሩ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። አራት ኪሎ አካባቢ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ማኪያቶ ቤት አለችኝ። ወተት የምንቀበለው ከሱሉልታ በየጠዋቱ ከሚያመጣልን ሰውዬ ነው። አራት ዓመት ሆነን፣ አንድ ቀን ክፉ ተነጋግረን አናውቅም። አሁን ግን ወር ገደማ ሆነው፣ ወተቱ አረፋ አልይዝ አለ። ማሽን ላይ ያለችው ልጅ እንፋሎቱን ስትለቅበት እንደ ድሮው እየወፈረ፣ እየጠበቀ አይመጣም። ልብስ ሲታጠብ የሚነሳውን የመሰለ ትልልቅ አረፋ ብቅ ይልና ስኒው ጠረጴዛ ላይ ሳይደርስ እሽሽሽ ብሎ ይጠፋል። ትናንት አንድ የዘወትር ደንበኛዬ ስኒውን አየት አድርጎ «እህቴ፣ ይሄ ማኪያቶ ነው ወይስ ሻይ በወተት?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ጣዕሙም ተለውጧል። ስትጠጡት ምንም አይልም፣ ከዋጣችሁት በኋላ ግን ምላስ ላይ መረር ያለ፣ ሳሙና ሳሙና የሚል ነገር ይቀራል።

እህቴ «ውሃ እየቀላቀለልሽ ነው» ብላ ደምድማለች። እኔ ደግሞ መርካቶ ሄጄ ላክቶሜትር የሚሏትን፣ ወተት ላይ የምትንሳፈፈዋን የብርጭቆ መለኪያ ገዛሁ። 30 ላይ ትቆማለች። ሻጩ «ከ28 ከወረደ ነው የምትጣዪው» ብሎኛል፣ ስለዚህ በእሱ አባባል ወተቱ ደህና ነው። ሲፈላም አይቆራረጥም። ስልባቦቱም እንደ ድሮው ወፍራም ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን ይብሳል። የጾም ቀን ስለሆነ ከወትሮው ግማሹን ነው የምንወስደው፣ እና ያደረ ወተት እየሰጠኝ ይሆን ብዬ ጠረጠርኩ። ከጠረጠርኩት በኋላ ደግሞ አፈርኩ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎች የወተት ምርምር ማዕከል አላቸው ሲባል እሰማለሁ። እንደኔ ያለ ሰው ጠርሙስ ይዞ ቢሄድ ያስተናግዱታል? ምን ምኑን ነው የሚያዩት? ሰውዬውን ፊት ለፊት ከመናገሬ በፊት እርግጠኛ መሆን ነው የምፈልገው።

የግንፍሌው

ይሄ ምን ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ውሃ ነው። ላክቶሜትር አትመኚ፣ ውሃ ጨምረው ስኳር ወይ ጨው ጣል ካደረጉበት መለኪያዋ ተመልሳ ከፍ ትላለች። እናቴ ጥፍሯ ላይ ጠብ አድርጋ ነበር የምታየው። ፈሰስ ካለ ውሃ፣ ቆም ካለ ወተት። በቃ። አራት ዓመት አውቀዋለሁ ምናምን አትበይ፣ ወተት ነጋዴና ውሃ ጎረቤት ናቸው።

ላብ_ኮት

የግንፍሌው ወንድሜ፣ ቀስ በል። እኔ አንድ የዩኒቨርሲቲ የወተት ምርምር ማዕከል ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ነገ አለቃዬ «ማን ፈቀደልህ» እንዳይለኝ። ኑሮዬ ግን እዚሁ ስድስት ኪሎ ነው፣ ማኪያቶም እወዳለሁ፣ ስለዚህ ጉዳዩ ያገባኛል።

እህቴ፣ መጀመሪያ የጠየቅሽውን ልመልስ። ጠርሙስ ይዞ በር ላይ መቆም አያዋጣም። የነዚህ ማዕከላት ዋና ሥራ ማስተማርና ምርምር ነው፣ ዘበኛው ራሱ አያስገባሽም። ደውለሽ፣ ነገሩን አስረድተሽ፣ ቀን ይዘሽ ነው የምትሄጂው። ደግሞ አራት ኪሎ ካምፓስ ስለቀረበሽ ላሞቹም እዛ ያሉ እንዳይመስልሽ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ያለው ቢሾፍቱ ነው። ሆለታ ያለው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ሳይሆን የግብርና ምርምር ማዕከል ነው። የቦረናን ዝርያ ከፍሪዥያንና ከጀርሲ ጋር ሲያዳቅል የኖረው እሱ ነው።

ምን ታያላችሁ ላልሽው፣ አንድ ጠዋት ልንገርሽ። ላሞቻችን ሌሊት 11 ሰዓት ይታለባሉ። የእያንዳንዷ ወተት ለብቻው ይለካል፣ ከእሱ ትንሽ በጠርሙስ ይቀዳና የላሟ ቁጥር ተጽፎበት ወደ እኛ ይመጣል። አንዷ ፉርሽካ በዝቶላት ድርቆሽ የቀነሰባት ናት፣ ወተቷ ብዙ ነው፣ ቅባቱ ግን ወርዷል። ሌላዋ ጡቷ በአንድ በኩል ታሟል፣ በዓይን ግን አይታይም። ሌላዋ ሊነጥፍ የቀረበ ወተት ነው የምትሰጠው። ሁሉንም አንድ ባልዲ ውስጥ ብትደባልቂው «ደህና ወተት» የሚባል ነገር ይወጣል። የኛ ሥራ ሳይደባለቅ በፊት ማየት ነው።

ቅባቱን የምንለካው ጌርበር በሚባለው መንገድ ነው። አንገቷ የቀጠነና ቁጥር የተጻፈባት የመስታወት ቱቦ አለች። 10 ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ፣ 11 ሚሊ ሊትር ገደማ ወተት፣ 1 ሚሊ ሊትር አሚል አልኮል ታስገቢባታለሽ። ከዛ ክዳኗን ገጥመሽ ስትገለብጫት ወተቱ ዓይንሽ እያየ ቡናማ ይሆንና ይጠቁራል፣ ቱቦዋ ደግሞ እጅ ታቃጥላለች። በጨርቅ ነው የምንይዛት። የኔ ነጭ ጋውን ሆዱ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለው፣ ሦስቱም የአሲድ ናቸው። በሴንትሪፊዩጅ ተሽከርክራ፣ 65 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ ቆይታ ስትወጣ ቅባቱ ብቻውን እንደ ወርቅ ቢጫ ሆኖ አንገቷ ላይ ይቆማል፣ ቁጥሩን ታነቢያለሽ። (ተመሳሳዩን ነገር በአሜሪካ ባብኮክ የሚባል የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሰው በ1890 እ.ኤ.አ. አውጥቶ ነበር። ገበሬው ወተቱን በክብደት ብቻ ሲሸጥ ውሃ መጨመር ያዋጣው ነበር፣ በቅባት መከፈል ሲጀምር ግን ውሃው ትርፍ አላመጣ አለ። ሰውዬው የፈጠራ መብቱን እንኳ አልያዘበትም።)

ውሃ ስለመጨመር፦ የግንፍሌው ስለ ላክቶሜትር ያለው ልክ ነው። ስኳር ባይጨመርም ትታለላለች። ቅባት ቀላል ስለሆነ ስልባቦቱን ብትገፍፊው ወተቱ ይከብዳል፣ ከዛ ውሃ ስትጨምሪበት ይቀላል፣ ሁለቱ ተቻችለው መለኪያዋ 30 ላይ ትቆምልሻለች። ስልባቦት በመግፈፍ የማይታለለው የበረዶ ነጥቡ ነው። ወተት በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች 0.52 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ውሃ በጨመርሽ ቁጥር ወደ ዜሮ ይጠጋል። የጥፍር ነገር ግን ይቅርብን፣ ወንድሜ፤ ቀዝቃዛ ወተትና ሞቅ ያለ ወተት ጥፍር ላይ እኩል አይሮጡም።

ያንቺ ወተት ግን ስልባቦቱ ወፍራም ነው ብለሻል። ሲፈላ አይቆራረጥም ብለሻል፣ ስለዚህ አልኮመጠጠም። እኔ ውሃ አይመስለኝም። አረፋው ጠፍቶ ሳሙና ሳሙና ማለቱን አንድ ላይ ሳየው ሌላ ነገር ነው የጠረጠርኩት፣ ከመናገሬ በፊት ግን እነዚህን ንገሪኝ። የወተት ጆጉን በምን ታጥባላችሁ? ላርጎ በደንብ ካልተለቀለቀ ብቻውን አረፋ ይገድላል፣ ጣዕሙንም ያበላሻል። ከሱቅ የታሸገ ወተት ገዝታችሁ በዛው ጆግ፣ በዛው ማሽን ሞክሩት፤ እሱ አረፋ ከያዘ ችግሩ ከቤትሽ አይደለም። ወተቱ በምን ዕቃ ነው የሚመጣው? ዕቃው ምን ያህል ይሞላል? ስንት ሰዓት መንገድ ላይ ይቆያል? እነዚህ የመጨረሻዎቹ ጥያቄዎች ተራ ነገር እንዳይመስሉሽ፣ ዋናዎቹ እነሱ ናቸው።

ዝምተኛው_44

ይሄ ሁሉ ሳይንስ ደስ ይላል፣ ግን እውነቱን እናውራ። በ1947 እ.ኤ.አ. ከተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ከብት መጥቶ ነው ሾላ ላይ ዘመናዊ የወተት ሥራ የተጀመረው። ስንት ዘመን ሆነ? ዛሬም ወተት በቢጫ ጀሪካን በሚኒባስ ነው የሚገባው። ማዕከሎቹ ይመራመራሉ፣ ተማሪው ይመረቃል፣ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ይደረደራል፣ ላሚቱ ያው ሁለት ሊትር። ላብ_ኮት አትቀየመኝ፣ አንተን ሳይሆን አሠራሩን ነው።

ላብ_ኮት

አልቀየምም፣ ግማሹ እውነት ነው። መደርደሪያችንን ብታየው አንተም ታዝናለህ። ግን ሁሉም እንደዛ አይደለም። ጉርድ ሾላ አካባቢ የነበረው ኢልካ የሚባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል (በ1974 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1994 ከናይሮቢው ተቋም ጋር ተቀላቅሎ ኢልሪ የሆነው) ሰዎቹ ከእናቶች ጋር ቁጭ ብለው ወተት ሲናጥ አይተው፣ የሸክላ መናጫው ውስጥ የሚገባ የእንጨት መቅዘፊያ ሠርተው ነበር። በጣም ቀላል ነገር ነው። መናጫውን ወዲያ ወዲህ ከማወዛወዝ መቅዘፊያውን ማዞር። ቅቤው ቶሎ ይወጣል፣ አሬራው ውስጥ የሚቀረው ቅባትም ያንሳል። እንደዚህ ዓይነቱን ነው እኔ ምርምር የምለው። ሰው ቤት ካልገባ ግን አንተ እንዳልከው ነው።

ቡና_በወተት

ላብ_ኮት ወንድሜ እግዜር ይስጥህ፣ የጠየቅከኝን በሙሉ አድርጌዋለሁ። ጆጉን በፈላ ውሃ ብቻ አጠብነው፣ ለውጥ የለም። የታሸገ ወተት ገዝቼ በዛው ጆግ ሞከርን፣ አረፋው እንዴት እንደቆመ! ማንኪያ ቢተክሉበት የሚቆም። ልጅቷ «እኔ አልነበርኩም አላልኩሽም?» ብላ አኮረፈችኝ፣ እሷንም ጠርጥሬያት ነበርና።

ዕቃው ቢጫ ጀሪካን ነው፣ የ20 ሊትሩ። ሌሊት 11 ሰዓት ይታለባል፣ እንደታለበ ጀሪካን ይገባል፣ ሚኒባስ ከኋላ ይጫናል፣ እንጦጦን ወርዶ በአዲሱ ገበያ፣ በፒያሳ አድርጎ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ እኔ ጋ ይደርሳል። እኛ ወዲያው አፍልተን፣ አቀዝቅዘን ፍሪጅ እናስገባለን።

ምን ያህል ይሞላል ላልከው ግን ቆም ብዬ አሰብኩ። ድሮ ጀሪካኑ ጢም ብሎ ነበር የሚመጣው። 10 ሊትሩ የኔ፣ 10ሩ ካዛንችስ ቁርስ ቤት የነበራት ጓደኛዬ ነበር። ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ደንበኛ አጥታ ስትንገታገት ቆይታ ባለፈው ወር ዘግታ አያት ሰፈር ገባች። አሁን በዛው ጀሪካን የኔ 10 ሊትር ብቻ ነው የሚመጣው። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ 5።

አንድ ሌላ ነገር። ክዳኑን ስከፍተው ከውስጥ በኩል ቢጫ ቢጫ ፍርፋሪ ተለጥፎ አያለሁ። ቆሻሻ መስሎኝ በጨርቅ እየጠረግኩ ነበር የምጥለው።

የቀበናዋ_እናት

ልጄ፣ ይህን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፣ እኔ እየነገርኳት። ቀበና ወንዙ ዳር ሦስት ጥገት ነበረኝ፣ ልጆቼን ያሳደግኩት በእነሱ ነው። ያ ፍርፋሪ ቆሻሻ አይደለም። ቅቤ ነው። ጠርገሽ የምትጥዪው ቅቤሽን ነው!

ሰውዬው ምንም አላደረገሽም። ወተትሽ መንገድ ላይ እየተናጠ ነው የሚመጣው። እኛ ወተት ስንንጥ ቅሉን እስከ አፉ አንሞላውም። አፉ ድረስ ሞልተሽ ብትንጪ ክንድሽ እስኪዝል ብትገፊው ቅቤ አይወጣልሽም፣ ምክንያቱም ወተቱ የሚወድቅበት፣ የሚላጋበት ቦታ አጣ። ግማሽ ታደርጊያለሽ፣ ከዛ ጓ ጓ ሲል ትሰሚዋለሽ። አንቺ ግማሽ ጀሪካን ወተት መኪና ላይ ጭነሽ ከእንጦጦ ቁልቁል ስታወርጂው ሌላ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? ጀሪካኑ መናጫ፣ ሾፌሩ ናጭ!

ጀሪካኑ ደግሞ አፉ ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገባም፣ ውስጡን ማን ያጥበዋል? እኛ ዕቃችንን በግራዋ ፈትገን፣ በወይራ አጥነን ነበር ወተት የምናደርግበት። የወይራው ጭስ ጀሪካን ላይ ግን አይሞከርም፣ ይቀልጣል። ይህን ያልኩት የልጅ ልጄ ልትሞክረው ተነስታ ስለነበር ነው።

የግንፍሌው

እማማ አሳቁኝ። እሺ ውሃ አይደለም፣ ተሸንፌያለሁ። ግን መናጥ ሌላ፣ አረፋ ማጣት ሌላ አይደል? ቅቤው ወጣ ቢባል እንኳ አረፋን የሚይዘው ቅባቱ ነው እንዴ? የተቀረው ወተት ምን ሆነ?

ላብ_ኮት

እማማ፣ እኔ አንድ ገጽ ጽፌ ልገልጸው የነበረውን እርስዎ በአንድ መስመር ጨረሱት። «ጀሪካኑ መናጫ፣ ሾፌሩ ናጭ» የሚለውን ከፈቀዱልኝ ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ።

የግንፍሌው፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። አረፋውን የሚይዘው ፕሮቲኑ ነው። እንፋሎቱ አየር ሲያስገባ ፕሮቲኑ እያንዳንዷን የአየር አረፋ ዙሪያዋን ይከባትና ያጸናታል። አሁን ቅባቱን አስበው። ወተት ውስጥ ያለው ቅባት በጣም ጥቃቅን ጠብታ ሆኖ ነው የሚንሳፈፈው፣ እያንዳንዷ ጠብታ ደግሞ ስስ ሽፋን አላት። ወተቱ ውስጥ ላይፔዝ የሚባል ቅባት የሚቆራርጥ ኤንዛይምም አለ፣ ከላሟ ጡት አብሮ የሚወጣ። ሽፋኑ እስካለ ድረስ ላይፔዙ ወደ ቅባቱ መግቢያ የለውም። ወተቱ ሞቅ ብሎ፣ እንደታለበ፣ ባዶ ቦታ ባለው ዕቃ ውስጥ ሲላጋ ግን ሽፋኑ ይቀደዳል። ከፊሉ ቅባት እርስ በርሱ ተጣብቆ ቅቤ ይሆናል፣ ክዳን ላይ የቀረው እሱ ነው። ከፊሉን ላይፔዙ ያገኘውና ይቆራርጠዋል፣ ነፃ ፋቲ አሲድ የሚባለው ይወጣል። መረር፣ ሳሙና ሳሙና የሚለው ጣዕም ይሄ ነው። እነዚህ የተቆራረጡ ቅባቶች ደግሞ የአየር አረፋዋ ላይ ከፕሮቲኑ ቀድመው ቦታ ይይዛሉ፣ ማጽናት ግን አይችሉም። ፕሮቲኑ ወንበሩን ተቀማ በለው። አረፋው እሽሽ ያለው ለዚህ ነው።

እህቴ፣ አንቺ ወዲያው ማፍላትሽ ጥሩ ነው፣ ላይፔዙ በሙቀት ይሞታል። 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ ብቻ ብታቆዪው እንኳ አብዛኛው ሥራው ያቆማል። ግን እሱ ከሱሉልታ እስከ አራት ኪሎ ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል። የተቆረጠ ቅባት ብታፈዪው ተመልሶ አይገጥምም። ማፍላቱን ግን በምንም እንዳትተዪ። ጥሬ ወተት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳም፣ ብሩሴላ የሚባለው ባክቴሪያም ሊኖር ይችላል፣ ማሽኑ ላይ በእንፋሎት የሚሞቀው ደግሞ ለማኪያቶ እንጂ ለጀርም ተብሎ አይደለም።

አሁን አድርጊ የምልሽ፦ ነገ ሰውዬው ያንኑ ወተት ሁለት ቦታ ከፍሎ ያምጣው። 5 ሊትሩን በ5 ሊትር ጀሪካን፣ ክዳኑ ሲገጠም ወተት ጠብ እስኪል ድረስ ሞልቶ። 5 ሊትሩን እንደ ወትሮው በትልቁ። በአንድ መኪና፣ በአንድ ሰዓት። ስትቀበዪ ምልክት አድርጊበት፣ ማሽን ላይ ላለችው ልጅ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ አትንገሪያት። ከነገርሻት እጇ ያዳላል።

ዝምተኛው_44

ወተቱ ከተነሳ አይቀር፣ ይሄ የፋጉሎ ነገርስ? ላሞቹ የሚበሉት የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረው) መርዝ አለው ተብሎ አንድ ሰሞን ከተማው ወተት አልጠጣም ብሎ ነበር። ማፍላት ያጠፋዋል?

ላብ_ኮት

አያጠፋውም፣ ለዚህ ነው የሚያሳስበው። አፍላቶክሲን ይባላል። ፋጉሎው እርጥብ ቦታ ሲከማች የሚበቅል ሻጋታ ነው የሚያወጣው፣ ላሟ ስትበላው ቅርጹን ቀይሮ ወተቷ ውስጥ ይገባል። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ከተሰበሰበ 110 የወተት ናሙና ውስጥ 29ኙ በሊትር ከ0.5 ማይክሮ ግራም በላይ ተገኝቶበት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የአውሮፓ ኅብረት ገደብ ደግሞ የዚህ አንድ አሥረኛ ነው፣ 0.05። ይሄ በላክቶሜትርም፣ በጣዕምም፣ በአረፋም አይታወቅም። መፍትሔው ከላሟ አፍ በፊት ነው፤ የደረቀ ፋጉሎ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ የተቀመጠ፣ የሻገተውን መጣል። ፋጉሎውን ከሌላ መኖ ጋር ማቀያየርም ይረዳል። ብቻ ይሄ ለብቻው ውይይት ይገባዋል፣ የሴትዮዋን ጥያቄ አናስረሳት።

ቡና_በወተት

ሦስት ቀን አድርጌው ነው የተመለስኩት። በአንድ ቀን እንዳትፈርጂ ትለኛለህ ብዬ።

መጀመሪያ ሰውዬውን ማሳመኑ ነበር ከባዱ። «ወተቴን ተጠራጠርሽ ማለት ነው?» አለኝ፣ ፊቱ ጠቆረ። ምን ልበለው? የእማማን ነገር ነገርኩት፣ ጀሪካኑ መናጫ ሆኗል ይላሉ አንዲት የቀበና እናት አልኩት። ዝም አለ። ከዛ ሳቅ አለ። «እኔ እኮ ቤት ስገባ ባለቤቴ ጀሪካኑን አጥባ ቅቤ አገኘሁ ትለኛለች፣ በረከት ነው ብለን ነበር» አለኝ።

ሰኞ ትንሹ ጀሪካን ሞልቶ መጣ፣ ትልቁ ከነ ባዶው። ሁለቱንም ለየብቻ አፈላሁ፣ አቀዘቀዝኩ፣ ሞልቶ የመጣው ባለበት ጆግ ጆሮ ላይ ቀይ ክር አሰርኩ፣ ሌላው ላይ ምንም። ልጅቷ ምንም አታውቅም። የቀይ ክሩን ስትመታው እንደ ድሮው ጠበቀ፣ ስኒው ላይ ሲፈስ ልብ መሥራት ሁሉ አማራት፣ ሠራችም፣ የተንጋደደ ልብ። ክር የሌለው እሽሽ። ማክሰኞ ክሩን አቀያየርኩት፣ ያው ሆነ፣ የሞላው ጥሩ፣ የጎደለው መጥፎ። ረቡዕ 5 ሊትር ብቻ ስለሆነ በትንሹ ጀሪካን ሞልቶ መጣ። የጾም ቀን ሆኖ እንኳ አረፋ ነበረው! ክዳኑ ላይም ፍርፋሪ የለም። ያ የዘወትር ደንበኛዬ ጠጥቶ ምንም አላለም፣ ምንም አለማለቱ ደግሞ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ያለው ጣጣ የወያላው ነው። ትልቅ ጀሪካን አንድ ሒሳብ ነበር፣ ትንንሽ ሁለት ጀሪካን ሲሆን «ሁለት ዕቃ ነው» ብሎ የሁለት አስከፈለው። ሰውዬው እኔ ላይ ሊጥለው ነው፣ እኔ ደግሞ ግማሽ ግማሽ እያልኩት ነው። እስከ ዛሬ ሲጣል የነበረው ቅቤ የማን ነበር ብዬ ልከራከረው አሰብኩና ተውኩት።

የቀበናዋ_እናት

ክፈዪለት ልጄ። አራት ዓመት ከእንጦጦ ማዶ በጨለማ ተነስቶ የሚያመጣልሽ ሰው ነው። ደግሞ ለፋሲካ አንድ ኪሎ ቅቤ አምጣልኝ በይው፣ ከዋጋ ላይ ይተውልሻል።

ላብ_ኮት

ክሩን ማቀያየርሽ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ ያን ያልነገርኩሽ ራስሽ ያመጣሽው ነው። ስንት የማስተርስ ተማሪ ይረሳዋል።

አቅም ሲኖራችሁ ጀሪካኑን ትታችሁ አፉ ሰፊ የሆነውን የአሉሚኒየም ወተት ማመላለሻ ግዙ፣ እጅ ገብቶ ይታጠባል። ግን እሱንም በልኩ። 20 ሊትር የሚይዝ ገዝታችሁ 10 ብትጭኑበት ያው ናጭ ነው።

ናሙናውን አሁንም እፈልገዋለሁ፣ ለኔ ራሴ። የሞላውንና የጎደለውን ነፃ ፋቲ አሲድ ለክቼ ልዩነቱን ማየት እፈልጋለሁ። ወተቱን በደንብ በጥብጠሽ ሩብ ሊትር ሩብ ሊትር ቅጂ፣ ሳይፈላ፣ በታጠበና በደረቀ ጠርሙስ። ለስላሳ የነበረበት ሃይላንድ አይሆንም። በረዶ አድርጊበት። በውስጥ መስመር ጻፊልኝና እኔ መጥቼ እወስደዋለሁ፣ ማኪያቶም እዛው እጠጣለሁ። ዓርብ ግን አይሁን፣ ዓርብ እኔም ጿሚ ነኝ።